የጣሪያው ሂሳብ የማን ነው? የአሜሪካ የቤት ኢንስፔክሽንና ኪሳራው በ50 ዓመታት

በ2025 (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ነሐሴ ወር አሜሪካ ውስጥ የግዢ ውል ከታሰረባቸው ቤቶች ከመቶ 15 ያህሉ ሳይሸጡ ውላቸው ፈርሷል። ሬድፊን የተባለው የቤት ሽያጭ ኩባንያ ይህን መቁጠር ከጀመረበት ከ2017 ወዲህ ለነሐሴ ወር የተመዘገበ ከፍተኛው መጠን ነው። ኤጀንቶች ምክንያቱን ሲጠየቁ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሱት ኢንስፔክሽኑንና እሱን ተከትሎ የሚመጣውን የጥገና ጭቅጭቅ ነው። ከሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2022 መጀመሪያ ግን፣ ከአራት ገዢዎች አንዱ ገደማ ቤቱን አስመርምሮ ውል የማፍረስ መብቱን ገና ዋጋ ሲያቀርብ ፈርሞ ይተው ነበር። በእነዚህ ሦስት ዓመታት የአሜሪካ ቤቶች ጣሪያና ቧንቧ በድንገት አልተበላሸም። ስንጥቁ ሲገኝ ገንዘቡ ከማን ኪስ ይወጣል የሚለው ነገር ነው የተገለበጠው፤ ሲገለበጥም የመጀመሪያው አይደለም።

የአሜሪካ የቤት መርማሪዎች ማኅበር በተመሠረተበት በ1976 ለጥያቄው የነበረው መልስ አጭር ነበር፦ ገዢ። በብዙ ግዛቶች ሻጭ እስካልዋሸ ድረስ ዝም ማለት ይችላል፤ ደላላም ያየውን እንጂ ያላየውን አይጠየቅም። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ ዲያብሎ በተባለ ቦታ መዋኛ ገንዳና የእንግዳ ማረፊያ ያለው ቤት በ170,000 ዶላር ተሸጠ። ቤቱ ያረፈው በሚገባ ባልተጠቀጠቀ ሙሌት አፈር ላይ ነበር፤ ገዢዋ ከተረከበች ብዙም ሳይቆይ መሬቱ መንሸራተት ጀመረ። በክርክሩ እንደቀረበው የቤቱ ዋጋ ወደ 20,000 ዶላር ወርዶ ነበር፤ ለጥገናው ከቀረቡት ግምቶች ትልቁ ደግሞ 213,000 ዶላር ደርሷል። ማለትም ማደሱ ከመግዛቱ ይበልጥ ነበር።

በ1984 የተወሰነው ይህ ክርክር (ኢስተን እና ስትራስበርገር) ታሪክ የሆነው በገንዘቡ ብዛት አይደለም። የደላሎቹ ወኪሎች የእንግዳ ማረፊያው ወለል የተዛነፈ መሆኑንና ዳገቱ ላይ አፈር እንዲይዝ የተዘረጋ መረብ እንዳለ አይተው አልፈው ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱም ደላላ የሚሸጠውን ቤት በተገቢ ጥንቃቄ መመልከትና ያገኘውን ለገዢ መንገር ግዴታው ነው አለ። የካሊፎርኒያ ምክር ቤት በማግስቱ ዓመት ይህንኑ በሕግ አሰፈረው። እንደ እኔ ግምት የዛሬው የኢንስፔክሽን ሥራ የተወለደው ከገዢዎች ንቃት ይልቅ ከዚህ የደላሎች ድንጋጤ ነው። ባለሙያ መርማሪ ካለ ተጠያቂነቱን የሚካፈል ሌላ ሰው አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ «ኢንስፔክተር ቅጠር» የሚለውን ምክር ከማንም በላይ የሚያስተጋቡት ደላሎቹ ራሳቸው ሆኑ። ቴክሳስ በ1985 የመርማሪዎችን ሥራ በፈቃድ ከሚቆጣጠሩ ቀዳሚ ግዛቶች አንዷ ሆነች። ቨርጂኒያ ግን ፈቃድን ግዴታ ያደረገችው በ2017 ነው።

በዚያው 1985 ደግሞ የፍሎሪዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ የጣሪያ ጉዳይ ወሰነ። ጉዳዩን ዘርዘር አድርጎ ማየት ይጠቅማል፤ ዛሬም በየሳምንቱ በየሰፈሩ የሚደገም ጭቅጭቅ ነውና። ቤቱ በ1982 በ310,000 ዶላር ውል ታሰረበት፤ ገዢዎቹ 5,000 ዶላር ቀብድ አስያዙ፤ 26,000 ዶላር ሊጨምሩ ቀጠሮ ተያዘ። በመሃሉ በአንድ መስኮት ዙሪያ የተላጠ ልስን፣ ኮርኒሱ ላይም የእርጥበት ምልክት አዩና ጠየቁ። ሻጩ መስኮቱ ጥቂት ችግር ነበረበት፣ ከተጠገነ ቆይቷል ብሎ አረጋጋቸው። 26,000ውን ከፈሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከባድ ዝናብ ዘነበ፤ ውሃው በመስኮቱ፣ በመብራቶቹ፣ በኮርኒሱ፣ በማብሰያ ምድጃው ላይ ሳይቀር ይወርድ ጀመር። በሻጭ በኩል የመጡት ጣሪያ ሠሪዎች ከ1,000 ዶላር ባነሰ ይደፈናል አሉ፤ ገዢዎቹ ያመጧቸው ደግሞ ጣሪያው ከሥሩ የተበላሸ ነው፣ መፍትሔው 15,000 ዶላር የሚያወጣ አዲስ ጣሪያ ብቻ ነው አሉ።

ኢንስፔክሽን ጉድለት ሲያገኝ የሚያስከፍለው ዋጋ ያለው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ነው። ሁለቱም ወገኖች ጣሪያው እንደሚያፈስ አይክዱም፤ የሚከራከሩት በ14,000ው ልዩነት ላይ ነው። ፍርድ ቤቱ ቀብዱ በሙሉ ለገዢዎቹ እንዲመለስ ፈረደ፤ ሻጭ የሚያውቀውንና በቀላሉ የማይታየውን ጉድለት የመናገር ግዴታ እንዳለበትም ደነገገ። ከዚያ ወዲህ ባሉት አሥር ዓመታት በርካታ ግዛቶች ሻጭ የቤቱን ሁኔታ በቅጽ እንዲገልጽ ማድረግ ጀመሩ።

ይህ ግዴታ ብዙም ያልታሰበ ጎን ነበረው። መርማሪው የጻፈው ሪፖርት ሻጩ እጅ ከገባ በኋላ ሻጩ «አላውቅም ነበር» ማለት አይችልም፤ ውሉ ቢፈርስ እንኳ ለሚቀጥለው ገዢ መናገር አለበት። ስለዚህ የአንድ ገዢ የ500 ዶላር ሪፖርት የቤቱን ዋጋ ለሚመጡት ሁሉ ሊያወርደው ይችላል። ልምድ ያላቸው የሻጭ ኤጀንቶች ገዢው ሪፖርቱን ሙሉውን እንዳይልክላቸው የሚጠይቁት ለዚሁ ነው።

በመንግሥት አዋጅ ሳይሆን በአጋጣሚ ወደ ምርመራው ዝርዝር የገባ ነገር ቢኖር ራዶን የተባለው ጋዝ ነው። በታኅሣሥ 1984 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ገና ሥራ ባልጀመረ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ የሚሠራ አንድ መሐንዲስ ወደ ሥራው ሲገባ የጨረር ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ሲጣራ ጨረሩን ይዞት የመጣው ከገዛ ቤቱ ነበር፤ ከመሬት የሚወጣው ጋዝ ቤቱን ሞልቶታል። ከዚያ በኋላ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በአንድ ሊትር አየር 4 ፒኮኩሪ የሚል የእርምጃ ወሰን አወጣ፤ የ48 ሰዓት ልኬታም የቤት ሽያጭ አካል ሆነ። ማስወገጃው ቧንቧና ማራገቢያ ብዙ ጊዜ ከ1,000 እስከ 2,500 ዶላር ስለሚያስወጣ ሻጮች ሳይከራከሩ የሚከፍሉት ሂሳብ ሆኖ ቀርቷል። ውል የሚያፈርሰው የገንዘቡ መጠን ብቻ አለመሆኑን ይህ ያሳያል፤ ዋጋው የታወቀና መፍትሔው የተቆረጠ ከሆነ ጉድለት ብዙ አያጣላም።

1990ዎቹን በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። በ1992 የወጣው ሕግ ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ገዢው ሊድ (እርሳስ) ያለበትን ቀለም እንዲያስመረምር 10 ቀን ሰጠው፤ ተግባራዊ የሆነው ግን በ1996 ነው። ከ1978 ጀምሮ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ቤቶች የተገጠመው ፖሊቡቲሊን የተባለ ፕላስቲክ ቧንቧ እየፈነዳ አምራቾቹን በ1995 የ950 ሚሊዮን ዶላር ዕርቅ አስፈረማቸው። የካሳው ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፤ ግራጫው ቧንቧ ግን ዛሬም አልፎ አልፎ ምድር ቤት ኮርኒስ ሥር ይገኛል፤ ሲገኝ የሚከፍለው ደግሞ አምራቹ አይደለም።

ቀጣዩ መገልበጥ የመጣው ከገበያው ነው። በ2005 ከ7 ሚሊዮን በላይ ነባር ቤቶች ተሸጡ፤ በ2008 ቁጥሩ ወደ 4.1 ሚሊዮን ወረደ። ዕዳቸውን መክፈል ያልቻሉ ባለቤቶችን ቤት የወሰዱት ባንኮች ሻጭ ሆኑ፤ ባንክ ደግሞ የቤቱን ታሪክ አያውቅም፣ አይጠግንም፣ «እንዳለ» ነው የሚሸጠው። በዕዳ የተወሰዱት ቤቶች ክረምቱን ያለ ማሞቂያ አሳልፈው ቧንቧቸው ፈንድቷል፤ አንዳንዱ ቤት ውስጥ የመዳብ ሽቦው ሳይቀር ተነቅሎ ተወስዷል። በዚያው ጊዜ ባንኮች በሩን ሲዘጉ በመንግሥቱ የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር (ኤፍኤችኤ) ዋስትና የሚሰጠው ብድር ከግዢ ብድሮች 5 በመቶ እንኳ ከማይሞላ ድርሻ ተነሥቶ ከሩብ በላይ ወጣ። ኤፍኤችኤ ደግሞ የራሱ ዝቅተኛ መመዘኛ አለው፤ የባንኩ ገማች የተላጠ አሮጌ ቀለም ወይም የሚያፈስ ጣሪያ ካየ፣ ክሎዚንግ (የሽያጩ መዝጊያ) ከመድረሱ በፊት እንዲጠገን ያዝዛል። ሻጩ ባንክ አይጠግንም፤ ገዢው በሰው ቤት ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ያስፈራዋል፤ ቤቱም በጥሬ ገንዘብ ለሚገዛ ነጋዴ ይተርፋል። በ2009 እና 2010 ዋጋው እጅግ ርካሽ የነበረው ቤት ጥሪት የሌለውን ገዢ ያመለጠው በዚህ መንገድ ነው።

በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ የእኛ ሰዎች ቤት መግዛት ያጠነከሩበት ዘመን ከዚህ ጋር ይገጣጠማል፤ ብዙዎቹም በኤፍኤችኤ ነው የገቡት። የዳውን ፔይመንቱ (የቅድሚያ ክፍያው) አንዱ ምንጭ ዕቁብ ነው። የኤፍኤችኤ መመሪያ የግል የቁጠባ ማኅበርን ሰነድ እስካለ ድረስ ይቀበላል፤ ስለዚህ የዳኛውና የጸሐፊው መዝገብ በደንብ ከተያዘ ገንዘቡ ራሱ ችግር የለበትም። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው፦ ዕጣው ደርሶት የወሰደ ሰው ዕቁቡ እስኪያልቅ ድረስ መክፈሉን ይቀጥላል። አዲሱ የቤት ዕዳ፣ የዕቁቡ መዋጮና በኢንስፔክሽን የተገኘው ጣሪያ በአንድ ወር ሲገናኙ መጠባበቂያ የሚባል ነገር አይኖርም። በተጨማሪ አዲስ አበባ ላይ ቤት ሲገዛ የሚመረመረው ካርታውና የዕዳና እገዳ ማስረጃው ነው፤ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሪፖርት የሚጽፍ ባለሙያ መቅጠር ልማድ አልነበረም። ይህ ልማድ አብሮ ተሻግሯል ብዬ አምናለሁ፤ ሪፖርቱን ሳይከፍቱ ለኤጀንት የሚያስተላልፉ ገዢዎች ዛሬም ጥቂት አይደሉም።

ከዚያ 2021 መጣ። በጥር ወር የ30 ዓመት ብድር አማካይ ወለድ 2.65 በመቶ ደረሰ፤ በታሪክ ዝቅተኛው ነው። በዚያ ዓመት 6.12 ሚሊዮን ነባር ቤቶች ተሸጡ፤ መካከለኛ ዋጋቸውም ወደ 347,000 ዶላር ወጣ። ለአንድ ቤት አሥር ሰው ሲሰለፍ ዋጋ መጨመር ብቻ አላዋጣም፤ ገዢዎች ሻጭን የሚያሰጋውን አንቀጽ ሁሉ ማንሳት ጀመሩ፤ ከእነዚህም ዋነኛው የኢንስፔክሽኑ ነበር። ከ1984 ጀምሮ በፍርድ ቤትና በሕግ ከገዢ ጫንቃ የወረደው ሸክም ገዢው በገዛ ፊርማው መልሶ ተሸከመው። ጥንቃቄ ያላቸው ዋጋ ከማቅረባቸው በፊት መርማሪ ይዘው ቤቱን ለአንድ ሰዓት ይዞሩ ነበር፤ አሥር ቤት ተወዳድሮ ዘጠኙን ለሚያጣ ሰው ግን እሱም ቀላል ወጪ አልነበረም።

ወለዱ በጥቅምት 2023 7.79 በመቶ ሲደርስ ሁሉም ተገለበጠ። በ2024 የተሸጡት ነባር ቤቶች 4.06 ሚሊዮን ብቻ ነበሩ፤ ከ1995 ወዲህ ዝቅተኛው ነው፤ መካከለኛ ዋጋው ግን 407,500 ዶላር ነበር። የ360,000 ዶላር ብድር በ3 በመቶ በወር 1,518 ዶላር ገደማ ሲያስከፍል በ7 በመቶ 2,395 ዶላር ያስከፍላል። ልዩነቱ ቀድሞ ለጣሪያ መጠባበቂያ ይሆን የነበረው ገንዘብ ነው። ቤቶቹም አርጅተዋል፦ ባለቤቶቹ የሚኖሩባቸው ቤቶች መካከለኛ ዕድሜ በ2005 31 ዓመት ነበር፤ በ2022 ወደ 40 ገብቷል።

ሂሳቡ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ 550,000 ዶላር የተጠየቀበት ቤት አለ እንበል፤ ገዢው በኤፍኤችኤ 3.5 በመቶ፣ ማለትም 19,250 ዶላር፣ ይዞ መጥቷል፤ 10,000 ቀብድ አስይዟል። መርማሪው ለጣሪያ 18,000፣ የዛፍ ሥር ለገባበት የፍሳሽ ቧንቧ 9,000፣ ለኤሌክትሪክ ሳጥኑ 3,500 የሚያስወጣ ችግር አገኘ፤ በጠቅላላው 30,500 ዶላር። ሻጩ «ዋጋውን 30,000 እቀንሳለሁ» ይላል፤ ገዢውም ደስ ብሎት ይፈርማል። የዋጋው ቅናሽ ግን ወርሃዊ ክፍያውን በ7 በመቶ ወለድ የሚቀንሰው 193 ዶላር ያህል ብቻ ነው፤ ቧንቧ ሠሪው ደግሞ 9,000ውን የሚፈልገው በሚቀጥለው ወር ነው። ሻጩ በቅናሽ ፈንታ ለክሎዚንግ ወጪ ክሬዲት ልስጥ ካለም ኤፍኤችኤ እስከ 6 በመቶ፣ እዚህ ላይ እስከ 33,000፣ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ከትክክለኛው የክሎዚንግ ወጪ ማለፍ አይችልም፤ ወጪው 16,000 ከሆነ ቀሪው ገዢው እጅ አይገባም። ጥሬ ገንዘብ ለሌለው ገዢ የሚሻለው ሻጩ በራሱ ወጪ ጠግኖ እንዲያስረክብ ማስገደድ ነው፤ ሻጭ ደግሞ ከሁሉ የሚጠላው ይህንኑ ነው፤ ሲያደርገውም የሚቀጥረው እጅግ ርካሹን ሠራተኛ ነው።

ገዢው ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ውሉን ካፈረሰ ቀብዱ ይመለስለታል፤ የሚያጣው ለመርማሪ፣ ለፍሳሽ ካሜራና ለባንክ ገማች የከፈለውን ነው፤ በድምሩ ከ1,500 እስከ 2,000 ዶላር ቢደርስ አያስገርምም። በአንድ ቀን ካሳለፈ ግን 10,000ው አደጋ ላይ ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ የተለመደው ውል ገዢው «መደራደርና ማፍረስ» ወይም «ማፍረስ ብቻ» ከሚሉት አንዱን እንዲመርጥ ያደርጋል፤ ሁለተኛው ለሻጭ ያማረ ይምሰል እንጂ በእጁ የ30,500 ዶላር ሪፖርት ይዞ አፉን የታሰረ ገዢ የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው፤ ያፈርሳል። በዚያ በኩል ሻጩ ገበያ ላይ ተመልሶ በየወሩ ብድሩን፣ ግብሩንና መድኑን እየከፈለ ይጠብቃል፤ ቀጣዮቹ ገዢዎችም የመጀመሪያው ለምን እንደሄደ መጠየቃቸው አይቀርም።

በግለሰብ ቤት ላይ ገዢና ሻጭ ሲገፋፉ፣ በኮንዶሚኒየም ግን ሂሳቡ በአንድ ሌሊት የጎረቤት ሁሉ ሆነ። ፍሎሪዳ ሰርፍሳይድ የነበረው ሻምፕሌይን ታወርስ ሳውዝ ሰኔ 24፣ 2021 ተደርምሶ 98 ሰው ሞተ። በ2018 አንድ መሐንዲስ ጉዳቱን ጽፎ ጥገናውን ወደ 9 ሚሊዮን ዶላር ገምቶት ነበር፤ ባለቤቶቹ ሲከራከሩ ሦስት ዓመት አለፈና በ2021 የጸደቀው መዋጮ 15 ሚሊዮን ሆነ፤ የአንድ ቤት ድርሻ ከ80,000 ዶላር ይጀምር ነበር። ከዚያ በኋላ ፍሎሪዳ በ2022 ባወጣችው ሕግ ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ ያላቸው ያረጁ ሕንፃዎች የመዋቅር ምርመራ እንዲያደርጉ፣ ለጥገናም መጠባበቂያ እንዲያስቀምጡ ግድ ሆነ። የቤት ብድሮችን ከባንኮች የሚገዛው ፋኒ ሜ ከጥር 2022 ጀምሮ ትልቅ ጥገና ለሌላ ጊዜ ባስተላለፉ ሕንፃዎች ላይ የሚሰጥ ብድር አይቀበልም። በሕንፃው አንድ ግድግዳ ላይ በምርመራ የተገኘ ትልቅ ጉድለት እንግዲህ የሁሉንም አፓርታማ ሽያጭ ሊያቆም ይችላል፤ የራሱን ቤት ኩሽና አሳምሮ ያደሰውንም ሰው ጭምር።

ከዚህ በላይ ግን የሚከብደው አዲሱ ወገን መድን ሰጪው ነው። በፍሎሪዳ ዕድሜው የገፋ ቤት ሲገዛ ኢንሹራንስ ኩባንያው ጣሪያውን፣ ኤሌክትሪኩን፣ ቧንቧውንና ማቀዝቀዣውን የሚመለከት የራሱን ባለ አራት ነጥብ ምርመራ ይጠይቃል። ግዛቲቱ በ2022 ጣሪያው ከ15 ዓመት በታች የሆነን ቤት በጣሪያው ዕድሜ ብቻ መድን መከልከልን አገደች፤ ኩባንያዎቹ ከዚያ በፊት ያደርጉት የነበረውን ከሕጉ መረዳት ይቻላል። መድን ከሌለ ብድር የለም፤ ብድር ከሌለ ውሉ ይፈርሳል። እዚህ ላይ የ1982ቱ የ1,000 እና የ15,000 ክርክር ትርጉም ያጣል፤ ሻጭና ገዢ በመሃል ቢስማሙም ሦስተኛው ወገን ድርድር ውስጥ የለበትም፤ መልሱ አዲስ ጣሪያ ነው ወይም አይደለም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያም ኤጀንቶች የጣሪያውን ዕድሜ ለመድን ወኪል ቀድመው መንገር እየለመዱ ነው።

ሕግ አውጪዎች በበኩላቸው የ2021ን ነገር ለመዝጋት እየሞከሩ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ ከ2002 ጀምሮ ሻጭ የመግለጫ ቅጹን ላለመሙላት ለገዢው 500 ዶላር መተው ይበቃው ነበር፤ ስንት ሻጭ 500 ዶላሩን መርጦ ዝም እንዳለ ጠበቆች ያውቃሉ። ከመጋቢት 2024 ወዲህ ይህ መውጫ ተዘግቷል። ማሳቹሴትስ ከጥቅምት 15፣ 2025 ጀምሮ ሻጭ ወይም ኤጀንቱ ገዢው ኢንስፔክሽን እንዲተው ቅድመ ሁኔታ ማድረግ አይችልም አለች፤ ኢንስፔክሽን እንደማይፈልግ አስቀድሞ ያሳወቀን ገዢ ዋጋ መቀበልም ከልክላለች። ሕጉ ግን ገዢው ሪፖርቱን ካየ በኋላ ጣሪያውን ማን ይክፈል የሚለውን አልነካም፤ ያንን አሁንም የሚወስነው በዚያ ሳምንት ስንት ሰው ለቤቱ ተሰልፏል የሚለው ነው፤ በ2025 መጨረሻ ሰልፉ አጭር ነበር።